ሁለት ዓይን ያላቸው ፊቶች፦ በመተማ አደባባይ ማን ይቁም?



ስለ አደባባይ ሥዕልና ሐውልት እንድናገር ወደዚህ ቆላ ስጠራ ከሁሉ ቀድሞ ያሰብኩት ስለ ዓይን ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ለዘመናት የኖረ ደንብ አለ። ጻድቁ፣ መልአኩ፣ ሰማዕቱ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳና የሰማዕታት ገራፊዎች ግን በጎናቸው ይሣላሉ፤ ከፊታቸው ግማሹ፣ ከዓይናቸው አንዱ ብቻ ይታያል። ሠዓሊዎቻችን የጦር ሜዳ ሥዕል መሥራት ሲጀምሩ ይህንኑ ደንብ ይዘውት ወጡ። በየሆቴሉና በየሳሎኑ ተሰቅሎ የምናየውን የዓድዋ ሥዕል አስታውሱ፤ በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዓይኑ እያየ ይገሰግሳል፤ በሌላው ወገን የጣሊያን ወታደር ረድፍ በረድፍ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ይወድቃል። ለዓድዋ ደንቡ ሠርቷል። ወራሪው ከባሕር ማዶ መጣ፣ ተሸነፈ፣ ሄደ። ከሥዕሉ ፊት ቆሞ "እኔን ለምን በአንድ ዓይን ሣላችሁኝ?" ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የለም።

መተማ ላይ ግን ጎረቤቱ አለ። ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ በሱዳኗ ገላባት ተቀምጧል። ገበያ ሲሆን እዚህ ነው፤ ሲታመም እዚህ ነው፤ አገሩ ሲነድበት ልጆቹን አቅፎ የሚመጣው እዚሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልከራከርለት የመጣሁት ነገር ይህ ነው፤ በዚህች ከተማ ግድግዳ ላይ የሚሣል፣ በአደባባይዋም የሚቆም ማንኛውም ፊት ሁለት ዓይን ሊኖረው ይገባል።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ከአባቶቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ለወጣቶቹ ስል ግን ላንሣው። በጥር 1880 ዓ.ም. እኛ ደርቡሽ የምንላቸው የሱዳን መሐዲስቶች አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደር ገብቶ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። በዓመቱ እሱ ራሱ ገላባት ላይ ታሞ ሞተና ዘኪ ቱማል ተተካ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ታላቅ ጦር ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዋለው ውጊያ የኢትዮጵያ ሠራዊት የመሐዲስቶቹን የእሾህ አጥር ጥሶ ድሉን ሊጨብጥ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ፤ እሳቸውም በቁስላቸው አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰው ወገን ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ ራስ አርአያ ከጥቂት ታማኞች ጋር አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ለመሐዲስቶቹ መሪ ለኸሊፋ አብዱላሂ ተላከ። የድንበሯ ከተማ እስከ ዛሬ የምትጠራው በስማቸው ነው፤ መተማ ዮሐንስ።

ለእኛ የሐዘን የሆነው ያው ቀን ከድልድዩ ማዶ የድል ቀን ነው። ሁለቱም ወገን ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀብሯል። ከዚያ ወዲህ የሆነውንም አብረን እንይ። ውጊያው በተደረገ በወራት ውስጥ ጣሊያን አሥመራን ያዘ። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ደግሞ እንግሊዝ የመሐዲስቶቹን ጦር ኦምዱርማን አጠገብ ካራሪ ላይ በመትረየስ ፈጀው። ሁለት ጎረቤታሞች እዚህ ሜዳ ላይ ተዳከሙ፤ ሦስተኛና አራተኛ መጥተው ትርፉን ወሰዱ። እኔ ይህን ሳስብ በዚህ ሜዳ ላይ አንዱን ወገን በጎኑ የሚስል ሠዓሊ ታሪኩን በግማሹ እንዳየው ይሰማኛል።

ደግሞም የሞቱት ሐበሻና ደርቡሽ ብቻ አይደሉም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ በበርማ ዘመቻ ስሙ የገነነው ዊሊያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝና የሕንድ ብርጌድ ጣሊያን ይዞት የነበረውን ገላባትን አጥቅቷል። ከሂማላያ ተራሮች ሥር የተመለመለ የሕንድ ወታደር በዚህ ቆላ አፈር ላይ ወድቋል። የሕንዱንም፣ በጣሊያን ባንዲራ ሥር የተሰለፈውንም ወታደር እናት ጠርቶ የእናንተን አፈር ያሳያት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከጦርነቱ በፊትስ መተማ የማን ነበረች? ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከቦርኖና ከዳርፉር አቅጣጫ ለሐጅ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ተክሩሮች እዚህ ሰፍረው የራሳቸውን ሼህ ሾመው ይኖሩ ነበር፤ ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ ሼሁም ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰምና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን ጨርቅና ዶቃ ይወጣል። ጉሙዙ ከሁሉም በፊት እዚሁ ነበር። አገው፣ ቅማንት፣ አማራ፣ ትግሬ፣ የሱዳን ዐረብ ነጋዴ በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። በዛሬው ቋንቋ ብዙ ባህል ያላት ከተማ የምንላት ዓይነት ናት፤ ይህን ለመሆን የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም።

ያ ገበያ ግን ሰውም ይሸጥበት ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚህ ሲያልፍ ለሽያጭ የቀረቡ ልጃገረዶችን አይቶ ጽፏል። ከቆላው የታፈነ ጉሙዝ፣ ከሩቅ ደቡብ በእግሩ የተነዳ የኦሮሞ ልጅ ዋጋ የተቆረጠለት በዚህ ነው። ይህን በአደባባይ ስናገር አንዳንዶቻችሁ ልባችሁ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የእኔም ይከብዳል። ነገር ግን ስለ መተማ ሐውልት እየተናገርን የንጉሡን ብቻ ብናነሣ፣ በገመድ ታስረው ያለፉትን ደግሞ ብንተዋቸው፣ ሁለተኛ ሸጥናቸው ማለት ነው።

በገመድ ታስሮ ያለፈ ሰው በሐውልት እንዴት ይታወሳል የሚለውን ጥያቄ ዛንዚባር ላይ በድፍረት የመለሰ ሥራ አለ። የድሮው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ፣ ከአንግሊካን ካቴድራሉ አጠገብ፣ ክላራ ሶርናስ የተባለች ስዊድናዊት ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቆመችው ነው። አቆመችው ስል ግን ቃሉ አይገጥምም፤ ሐውልቱ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነውና። አምስት ሰዎች፣ ወንድና ሴት፣ አንገታቸው በሰንሰለት ተያይዞ ከመሬት በታች ቆመዋል። ሰንሰለቱ ቅርፅ አይደለም፤ ከዚያ ዘመን የተረፈ እውነተኛ ብረት ነው። የምታየው ወደ ታች ነው፤ ለማየት አንገትህን ትደፋለህ። ሐውልት ሲባል ከፍ ያለ መደብ፣ ከላዩም ፈረስና ጎራዴ ብቻ ለሚመጣብን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ቀራፂዋ አንድ ቀላል ነገር ገባት፤ ያዋረድነውን ሰው መደብ ላይ አውጥተን ብናስቀምጠው እንዋሻለን።

ወደ አገራችን ተመልሰን አዲስ አበባን እንይ። የአፄ ምኒልክ ባለ ፈረስ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን አንሥቶ ደበቀው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የለገሃሩ አንበሳ ሮም ድረስ ተሰርቆ ሄዶ ነበር፤ ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። የብሔራዊ ቲያትሩን አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለብር ኢዮቤልዩው ሠራው። በ1977 ዓ.ም. የቆመው ትግላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ እጅ አለበት። እነዚህን ሁሉ አከብራቸዋለሁ፤ ጠላት ሳይቀር ሊሰርቃቸው ወይም ሊቀብራቸው የደከመው ኃይል ስላላቸው ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 ሐውልት ነው። የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ቅርብ ብላችሁ ዙሪያውን ያለውን የነሐስ ቅርፅ ብታዩት ከምታዩዋቸው ፊቶች የብዙዎቹ ስም አይታወቅም። በ1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ የተጨፈጨፈው የአዲስ አበባ ሰው፣ እናት፣ ልጅ፣ ሬሳ የሚያነሣ ጎረቤት ነው። የጦር አዛዥ ሳይሆን ሟች የሐውልቱ ባለቤት ሲሆን ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚያ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ቆመዋል፤ የቋራ ልጅ ናቸውና ለዚህ ቆላ ኩራት ነው። ነገር ግን ቋራ ራሱ፣ መተማ ራሱ፣ ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ለዚህ የስድስት ኪሎው መንገድ ይሻለዋል።

አሁን ከነሐስ ወርደን ወደ ግድግዳ እንምጣ፤ የእናንተ ሀብት ያለው እዚያ ነውና።

መተማ ዮሐንስ ላይ አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ ረጅም ጊዜ ያየሁት ግድግዳ አለ። መደቡ ሰማያዊ ነው፤ በዘይት ቀለም የተቀባ፤ ከታች በኩል የበጋው አቧራና የክረምቱ ፍንጣቂ በልቶታል። ከግራ የአማርኛው ጽሑፍ ይጀምራል፤ ከቀኝ የዐረብኛው ይጀምራል፤ ሁለቱ እየተጠጉ መጥተው መሐል ላይ አንድ ጀበና ጋ ይገናኛሉ። ጀበናው ትልቅ ነው፤ ከሥሩ ሦስት ስኒ ተደርድሯል፤ እንፋሎቱ ወደ ሁለቱም ጽሑፍ ተከፍሎ ይወጣል። ጠጋ ስትሉ ሠዓሊው በጠመኔ የመታው የክር መስመር ከቀለሙ ሥር ይታያል። ፊደሉን በልኬት፣ ጀበናውን ግን በእጁ እንዳመጣለት ነው የሠራው። አማርኛ አንባቢውም ዐረብኛ አንባቢውም በየራሱ አቅጣጫ ሲያነብ መድረሻው አንድ ነው። ይህን ያሰበው ሰው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ማንም ስለ ብዙ ባህል አስተምሮት አያውቅም። ደንበኛ ከሁለቱም ወገን እንዲመጣለት የፈለገ ባለሻይ ቤት አዘዘው፤ እሱም በሙያው መለሰ። እኔ ስለ መተማ ሐውልት የምፈልገው ነገር አብዛኛው እዚያ ግድግዳ ላይ ተሠርቶ አለ።

እንዲህ ያለ ሥራ በየመንገዱ ነው። ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ ጀርባው ላይ ጥቅስ አለው፤ ጎኑ ላይ ንስር ወይም አንበሳ። ከማዶ የሚመጣው የሱዳን ሎሪ ደግሞ ሣጥኑ በአበባና በቅርፅ ተሸልሟል። የፀጉር ቤቱ በር ላይ የተሣለው ጎረምሳ፣ የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የልብስ ሰፊው መኪና፣ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። ወጣቶቹ ግን "የታፔላ ጸሐፊ" ብለው በንቀት ሲያልፉት እሰማለሁ። ሠዓሊ በሉት። የዚህ ከተማ የአደባባይ ሥነ ጥበብ ታሪክ አንድ ቀን ሲጻፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ የእሱ ነው።

ከጓንግ ወንዝ ጋር ወደ ታች እንውረድ። ውኃው እዚህ ጓንግ ነው፤ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ወደ ታች ኻሽም ኤል ጊርባ የሚባል ቦታ ላይ ግድብ አለ፤ በአጠገቡም በ1956 ዓ.ም. ገደማ ከዋዲ ሐልፋ የተነሡ ኑብያውያን ሰፍረዋል። የአስዋን ግድብ ከተማቸውን ሲያሰጥምባቸው ነው የመጡት። ኑብያውያን ቤታቸውን በመቀባትና በጭቃ ቅርፅ በማስጌጥ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። በራቸው ላይ አዞና አንበሳ ይቀርፃሉ፤ የሸክላ ሳህን ግድግዳው ውስጥ ይቀብራሉ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። መንግሥት የሰጣቸው ቤት ግን አንድ ዓይነት ብሎኬት፣ አንድ ዓይነት ጣሪያ፣ መስመር በመስመር የተደረደረ ነበር። ይህን የማነሣው ውኃ ያጠፋው ቤታቸውን ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ አንድ ሕዝብ ለመንገደኛው "እኔ እዚህ አለሁ" የሚልበትን ግድግዳም ወሰደበት። የእናንተ ወንዝ የሚያጠጣው ያንን ሕዝብ ነው።

አሁን ደግሞ ካርቱም። መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሱዳን ወጣቶች በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ መቀመጥ ጀመሩ። በዚያ በሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ዙሪያው ያለው ግድግዳ ሁሉ ሥዕል ሆነ። ነጭ ቶብ ለብሳ መኪና ላይ ቆማ ሕዝቡን የምታነሣሣው አላ ሳላህ በፎቶ ዓለምን ስታዳርስ፣ በግድግዳም ተሣለች። ከሠዓሊዎቹ መካከል አሲል ዲያብ የምትባል ወጣት አለች። እሷ የመረጠችው ዘዴ ልቤን ነክቶታል። ተቃውሞው ሲጀመር በጥይት የተገደሉትን ልጆች መልክ በየራሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ፣ በቤተሰባቸው ፈቃድ ሣለች። እናቲቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት ልጇ አለ። ሠፈሩ ሲያልፍ ያየዋል። የገደለው ወታደር ሲያልፍም ያየዋል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ለተቃውሞ የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበተነ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ አደባባዩ ላይ የነበሩት ሥዕሎች በነጭ ቀለም ተሸፈኑ። ቀለም የያዘ ሰው ከመሣሪያ እኩል መፈራቱን ያን ጊዜ አየን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ገባ። ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ሻንጣም ፌስታልም ይዞ። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ ያንን የካርቱም ግድግዳ በዓይኑ ያየ፣ ምናልባትም በእጁ የቀባ ነው። እናንተም ራሳችሁ በከባድ ጊዜ ውስጥ ሆናችሁ ነው በራችሁን የከፈታችሁት፤ ይህ አይዘነጋም። እኔ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእነዚህ እንግዶች መካከል ብሩሽ የሚይዝ ካለ የሻይ ቤቱን ጀበና ከሣለው የከተማችሁ ልጅ ጋር አገናኙት። ለሁለቱ አንድ ግድግዳ ይሰጣቸው። የሚሣለውን እነሱ ይወስኑ።

ሐውልትንስ በሚመለከት? አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። መተማ ላይ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይወጣል። ጥላ የሌለው ሐውልት እዚህ የሕዝብ አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ማንም አጠገቡ አይቆምምና። በዚህ አገር ሰው የሚሰበሰበው ኒም ዛፍ ሥር ነው፤ ራኮባ በሚባለው ዳስ ሥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የመታሰቢያ ሥራ ሰው የሚቀመጥበት ትልቅ ጥላ ቢሆን እመርጣለሁ። ቆላው ሽመል ይሰጣል፤ ጉሙዙ ከሽመል ጎጆና ጎተራ ሲሠራ የሚያሳየውን እጅ ከሩቅ የሚመጣ መሐንዲስ አያመጣውም። ስለዚህ ለጉሙዝ ባለሙያዎች የሠራተኛ ሳይሆን የቀራፂ ክፍያ ይከፈላቸው። ከጥላው ሥር መሬቱ ዝቅ ይበል፤ ሰው ወደ ታች ወርዶ ይቀመጥ። በዙሪያው ባለው ግንብ ላይ ፊቶች ይሣሉ፦ ንጉሠ ነገሥቱ፣ አስከሬናቸውን ሲከላከሉ የወደቁት፣ ከማዶ የወደቀው ባለ ጅባ ደርቡሽ፣ ተክሩሩ ጥጥ አምራች፣ ገመድ ያለባት ልጃገረድ፣ የሕንዱ ወታደር፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወርዶ በወባ የቀረው የቀን ሠራተኛ። ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሁለት ዓይን።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። "ንጉሣችንን የገደለውን እንዴት ከንጉሣችን እኩል ትስለዋለህ?" ይሉኛል። የሚናገሩት ከፍቅር ነውና ጥያቄውን አከብረዋለሁ። መልሴ ይህ ነው፤ በሁለት ዓይን መሣል ሥራውን ማጽደቅ አይደለም። ጎንደር መቃጠሏ አይቀየርም፤ ሥዕሉም ይህን ይናገር፤ እሳቱም ይሣል። ነገር ግን የልጅ ልጁ ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አያቱን በግማሽ ፊት ካየው ተነሥቶ ይሄዳል፤ እኛም ብቻችንን ቀርተን ታሪኩን ለራሳችን እናወራለን። አፄ ዮሐንስ ፊታቸውን ሳያዞሩ የሞቱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ንጉሥ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ስላነሰ አይከብርም፤ ተቃዋሚውን በሙሉ ፊቱ ብናሳየው ጀግንነቱ ይበልጥ ይታያል።

የቀረው የሥራ ጉዳይ ነው። ቀለሙ ፀሐይ የሚችል ይሁን፤ በርካሽ ቀለም የተሣለ ፊት በሁለት በጋ ይነጣል፤ የሰማዕት ፊት ነጥቶ ማየት ካለመሣሉ ይከፋል። ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ አትምረጡ። የማደሻ ገንዘብ ከመጀመሪያው ይቀመጥ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን አይያዘው፤ የሰሊጥ ነጋዴው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የወጣቶች ማኅበሩ በየተራ ይጠብቁት። ፊታቸው የሚሣል ሰዎች ዘር የሆኑ ቤተሰቦች አስቀድመው ይጠየቁ፤ እምቢ ካሉ ይከበርላቸው። አሲል ዲያብ ያስተማረችን ፈቃድ መጠየቅን ነው። ንድፉም በወረቀት ላይ እያለ ገበያ ቀን ይሰቀል፤ ከጉሙዝ መንደር የመጣችው እናትም፣ ከገላባት የተሻገረው ነጋዴም አይቶ የጎደለውን ይናገር። ያንን የሚመዘግብ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ደብተር ይዞ ይቀመጥ፤ አማርኛውንም ዐረብኛውንም የሚችል ልጅ እዚህ አታጡም።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።